ሸራና ዩሪያ፦ ስለ ነፋስ መርከቦች ለተጻፈው ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ሲዞር እኔም ጋ ደረሰ። ጸሐፊው የደሴ ሰው ናቸው። አጻጻፋቸው ይጥመኛል፣ የጻፉት ሁሉ አያመልጠኝም። በዚህኛው ግን አልተስማማንም። ጉዳዩ በጭነት መርከቦች ላይ እንደገና መተከል ስለጀመሩት ሸራዎች ነው።

ያሉትን ባጭሩ ላስቀምጥ። ሸራ የአያቶቻችን ዘመን ነገር ነው፤ ወደ እሱ መመለስ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ነፋስ አይታመንም፤ ዕቃ ያዘገያል። 80 ሺህ ቶን የሚጭን ብረት በጨርቅ አይገፋም። የሀብታም ኩባንያዎች የማስታወቂያ ጌጥ ነው እንጂ ወጪውን አይመልስም። ምሰሶው ክሬንና ድልድይ ያግዳል። በመጨረሻም «ባሕር የሌለው ወሎ ስለ ሸራ ምን አገባው?» ብለው ይዘጋሉ።

እኔ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፤ ትራንዚተር ነኝ። ባሕር የማየው ለሥራ ጅቡቲ ስወርድ ብቻ ነው። ቀኑን ሙሉ የማገላብጠው ወረቀት ግን የመርከብ ወረቀት ነው። ስለዚህ ያቺ «ምን አገባው» ትንሽ ቆንጠጥ አድርጋኛለች። እሷን ለመጨረሻ ላቆያት።

መጀመሪያ «ወደ ኋላ» የሚለውን እንይ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች፣ ካልጠቀስኩ በስተቀር፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጸሐፊው ሸራ ሲሉ የሚታያቸው የድሮው ነው። ሰው ምሰሶ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ገመድ እየሳበ፣ ማዕበል እየመታው። እሱ በእርግጥ አልፏል። ፓሚር የምትባል ባለ አራት ምሰሶ መርከብ በ1949 ከአውስትራሊያ እህል ጭና፣ የደቡብ አሜሪካን ጫፍ ኬፕ ሆርንን በሸራ ብቻ ዞረች። ከእሷ ወዲህ በሸራ ብቻ ጭነት ይዞ ያንን ጫፍ የዞረ ትልቅ የንግድ መርከብ የለም። እሷም በ1957 አትላንቲክ ላይ አውሎ ነፋስ አገኛትና ሰጠመች፤ ከ86 ሰው የተረፉት 6 ብቻ ናቸው። ወደዚህ እንመለስ የሚል ሰው ካለ እኔም ከጸሐፊው ጎን ነኝ።

አሁን የሚተከለው ግን ሌላ ነገር ነው። አንዱ ዓይነት ቀጥ ብሎ የቆመ የአውሮፕላን ክንፍ ይመስላል። ሌላው በውስጡ ማራገቢያ ያለው ወፍራም ምሰሶ ነው፤ በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች አየር እየመጠጠ ይሠራል። ሌላው ደግሞ የሚሽከረከር ሲሊንደር ነው። ከሩቅ ላየው ሰው የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ነው የሚመስለው። እኔ መጀመሪያ ፎቶውን ሳይ «ይህቺ መርከብ ስንት ጭስ ማውጫ ነው ያላት?» ብዬ ነበር።

ይህ ሲሊንደር እንዴት ይገፋል? ኳስ የተጫወተ ሰው መልሱን በእግሩ ያውቀዋል። ሮቤርቶ ካርሎስ በ1997 ፈረንሳይ ላይ ያገባትን ቅጣት ምት አስታውሱ። ኳሷ ወደ ውጭ ሄደች ስትባል ተጠማዝዛ ተመለሰች። ምክንያቱ በራሷ ላይ ስለምትሽከረከር ነው። በአንድ ጎኗ አየሩ አብሯት ይሮጣል፤ በሌላው ጎን ይጋጫታል። አብሮ በሮጠበት በኩል ግፊቱ ይቀንሳል፣ ኳሷም ወደዚያ ትሳባለች። ማግነስ የሚባል ጀርመናዊ የፊዚክስ ሊቅ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያጠናው ነገር ስለሆነ በስሙ ይጠራል። መርከቧ ላይ ደግሞ ሲሊንደሩን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ያሽከረክረዋል። ነፋስ ከጎን ሲመጣ ሲሊንደሩ ወደ ፊት ይሳባል። መርከቧንም ይዟት ይሄዳል። ገመድ የሚስብ ሰው የለም። ከመሪው ክፍል ሆኖ ቁልፍ መጫን ነው።

ደግሞ የትናንት ሐሳብ አይደለም። አንቶን ፍሌትነር የሚባል ጀርመናዊ መሐንዲስ በ1924 ቡካው በምትባል መርከብ ላይ ሁለት እንዲህ ያሉ ሲሊንደሮች ተክሎ አሳየ። በ1926 ስሟ ባደን-ባደን ተብሎ አትላንቲክን አቋርጣ ኒው ዮርክ ገባች። ሠርቷል ማለት ነው። ታዲያ ለምን ቀረ? ጸሐፊው «ስለማያዋጣ ተጣለ» ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታል። እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረባቸው። ማሽኑ ስለተበላሸ አልነበረም የተጣለው። ነዳጅ ርካሽ ስለነበር ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ተከተሉት። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ወጣ። እኛም አገር ደርሷል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የታክሲ ነጂዎች አድማ የመቱት በቤንዚን ጭማሪ ነበር፤ መጨረሻው የት እንደደረሰ ሁላችንም እናውቃለን። (ወሎ ያን ጊዜ ስለ ቤንዚን የምታስብበት ሁኔታ ላይ አልነበረችም።) በ1979 ነዳጅ ዳግመኛ ናረ። ወዲያው በ1980 ጃፓኖች ሺን አይቶኩ ማሩ የምትባል ነዳጅ ጫኝ መርከብ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ጠንካራ ሸራ አልብሰው ወደ ባሕር ላኩ። በ1985 ፈረንሳዮቹ፣ እነ ዣክ ኩስቶ፣ አልሲዮን የተባለችውን መርከብ አየር በሚመጥጥ ምሰሶ አስነሱ። በ1986 የነዳጅ ዋጋ ወደቀ። ሸራውም አብሮ ወደቀ። ነዳጅ ሲወደድ ነፋስ ይታወሳል፣ ሲረክስ ይረሳል። እንግዲህ ወደ ኋላና ወደ ፊት የሚመላለሰው ዋጋው ነው።

አሁን ግን አንድ አዲስ ነገር ገብቷል። ጸሐፊው ጨርሰው አላነሱትም። ከጥር 2024 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ወደቦቹን የሚረግጡ ትልልቅ መርከቦችን ለሚያወጡት ጭስ ያስከፍላል። በ2025 ደግሞ መርከቦች የሚጠቀሙት ኃይል እየጸዳ እንዲሄድ የሚያስገድድ ሌላ ደንብ ተጀመረ፤ በነፋስ ለሚታገዝ መርከብ ማበረታቻ አለው። የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅትም በ2050 አካባቢ የዘርፉን ጭስ ወደ ዜሮ ለማውረድ በ2023 ተስማምቷል። ይሄኛው ላይ ብዙ አልፎክርም። በኦክቶበር 2025 ድምፅ ይሰጥበታል የተባለው የክፍያ ደንብ በአንድ ዓመት ተራዝሟል። ቢሆንም አውሮፓ የሚሄድ መርከብ ሒሳቡን አሁኑኑ እየከፈለ ነው።

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። «ነፋስ አይታመንም።»

ይህንን ከወሎ ገበሬ በላይ የሚያውቅ የለም። አጎቴ ተሁለደሬ ውስጥ ገበሬ ናቸው። ታኅሣሥ ላይ ጤፍ ተበራይቶ እብቁ በነፋስ ሊለይ ሲል ልረዳ እሄዳለሁ። «ልረዳ» የምለው እኔ ነኝ፤ እሳቸው «እንግዳ መጣ» ነው የሚሉት። ጠዋት አውድማው ላይ ቆመን ነፋስ እንጠብቃለን። አጎቴ አንድ እፍኝ ገለባ አንስተው ይለቁታል። ቀጥ ብሎ ከወደቀ ቁጭ ይላሉ። ረፋድ ላይ ከሐይቁ በኩል ሽው ሲል ይነሳሉ። በመንሽ ወደ ላይ ሲወረውሩት ፍሬው እግራቸው ሥር ይወርዳል፤ እብቁ ይሄዳል። የሚሄደው ደግሞ በአብዛኛው ወደኔ አንገት ነው። የትኛው ጎን መቆም እንዳለብኝ እስካሁን አልተማርኩም።

ነፋሱ ድንገት ይቆማል። ያኔ አጎቴ ሥራ አያቆሙም። የተረፈውን ሰብስበው ለሴቶቹ ይሰጣሉ፤ እነሱ በሰፌድ ያነፍሱታል። ሰፌድ ክንድ ያደክማል፣ ቀን ይፈጃል። ግን ይሠራል። ነፋሱ ሲመለስ መንሹ ይነሳል። በሕይወቴ «ነፋስ ስለማይታመን ሁሉንም በሰፌድ እናድርገው» ያለ ገበሬ አላየሁም።

ዛሬ ሸራ የሚተከልላቸው አብዛኞቹ መርከቦችም እንዲሁ ናቸው። ሞተራቸው ቦታው ላይ ነው። ነፋስ ሲገኝ ሞተሩ ይቀዘቅዛል፤ ፍጥነቱ ግን ያው ነው። ነፋስ ሲጠፋ ሞተሩ ሙሉውን ይሸከማል። መርከቧ በቀኗ ትገባለች። የሚለዋወጠው የሚቃጠለው ነዳጅ መጠን ነው። በላዩ ላይ የአየር ትንበያ እያየ መንገድ የሚመርጥ ሶፍትዌር አለ። ነፋስ ወዳለበት ትንሽ ዞር ማለት ሲያዋጣ ካፒቴኑን ይመክራል።

እዚህ ጋ ለጸሐፊው አንድ ነገር ልስጥ። ከፊት የሚመጣ ነፋስ ለእነዚህ ሸራዎች ጥቅም የለውም። ሲሊንደሩ ይቆማል፣ ክንፉ ይታጠፋል። ሸራ የሚወደው ከጎን የሚመጣውን ነው። ቀይ ባሕር ደግሞ ጠባብ ነው፤ ነፋሱ በቁመቱ ነው የሚነፍሰው። ስለዚህ መርከብ ወይ ከፊቷ ወይ ከኋላዋ ነው የምታገኘው። ከስዌዝ እስከ ባብ ኤል ማንደብ ባለው መንገድ ላይ ሸራ ተአምር ይሠራል አልልም። ጸሐፊው ይህንን ቢያነሱ ኖሮ ጥሩ ነጥብ ይሆንላቸው ነበር። አላነሱትም።

ሦስተኛው፣ «ብረት በጨርቅ አይገፋም»። እዚህ ላይ ቁጥር ላውጣ።

ፒክሲስ ኦሽን የምትባል መርከብ አለች። ብትን ጭነት ጫኝ ናት፣ እንደ እህል ያለውን ሳይታሸግ የምትጭን፤ 80 ሺህ ቶን አካባቢ ትይዛለች። ምናልባት ጸሐፊው ያሰቧት እሷን ሳይሆን አይቀርም። በ2023 ሻንጋይ ላይ ሁለት ክንፎች ተተከሉላት፤ እያንዳንዳቸው ቁመታቸው 37.5 ሜትር ነው። አንዱን ደሴ ፒያሳ ላይ ብናቆመው አሥር ፎቅ ያልፋል። ጨርቅ አይደለም፤ ብረትና ፋይበር ግላስ ነው። በነሐሴ ከቻይና ተነስታ ወደ ብራዚል ሄደች። ከዚያም ሕንድ ውቅያኖስን፣ ፓስፊክንና አትላንቲክን እያቋረጠች ስድስት ወር ተለካች። በአማካይ በቀን 3 ቶን ነዳጅ አዳነች። ነፋሱ በተመቻቸባቸው ቀናት ከ11 ቶን በላይ።

አማካይ ሲባል ነፋስ የሌለባቸውም ቀናት ተደምረው ነው። ይህን የምለው ጸሐፊው «በማስታወቂያ ላይ የሚነግሩን ምርጡን ቀን ነው» ስላሉ ነው። አዎ፣ ምርጡ 11 ነው። እኔ የምይዘው 3ቱን ነው። ሃያ ቀን በምትፈጅ ጉዞ 60 ቶን ይሆናል። ቶኑን በ500 ዶላር ብናስበው 30 ሺህ ዶላር በአንድ ጉዞ። ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ ቶን የመርከብ ነዳጅ ሲቃጠል ከ3 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። ሜርስክ ፔሊካን የተባለች ነዳጅ ጫኝ በ2018 ሁለት የሚሽከረከሩ ሲሊንደሮች ተተከሉላት፤ በመጀመሪያው ዓመት 8.2 በመቶ ነዳጅ ቀነሰች። ይህንን ያረጋገጠው ባለቤቱ ራሱ ሳይሆን መርከቦችን የሚመረምረው ሎይድስ ሬጅስተር ነው። ሲ ጁሻን የብራዚል ብረት አፈር ወደ ቻይና የምታመላልስ ግዙፍ ናት፤ 325 ሺህ ቶን። በ2021 አምስት ሲሊንደር ይዛ ወጣች። ሾፉ ማሩ የጃፓን ናት፣ በ2022፤ አንድ ትልቅ ሸራ አላት፣ እንደ ሬዲዮ አንቴና እየተሳበ ይረዝማል፣ ያጥራል። የአውሮፓን የአሪያን 6 ሮኬት ክፍሎች ወደ ደቡብ አሜሪካ የምታደርሰው ካኖፔም አራት ክንፍ አላት። ሮኬት በሸራ መርከብ መሄዱ እኔን እስካሁን ፈገግ ያሰኘኛል።

ጸሐፊው «ብቻውን አይገፋም» ለማለት ፈልገው ከሆነ፣ ለትልልቆቹ ልክ ናቸው። እገዛ ነው። የኛን የከባድ መኪና ሾፌሮች አስቡ። ከኮምቦልቻ በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ ሲወርድ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ አፋር ሜዳ ላይ ይገባል። ቁልቁለቱ ራሱ ይገፋዋል፤ እግሩን ከነዳጁ ላይ ያነሳል። መኪናው ያው መኪና ነው። ጭነቱም ያው ጭነት ነው። የቀነሰው ከታንከሩ የሚወጣው ናፍጣ ብቻ ነው።

በእርግጥ በአብዛኛው በነፋስ የሚሄዱም አሉ። አኔሞስ እና አርቴሚስ የሚባሉ የፈረንሳይ መርከቦች በ2024 ሥራ ጀመሩ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ቶን ገደማ ይጭናሉ። ኮኛክ ወደ ኒው ዮርክ፣ ቡና ወደ ፈረንሳዩ ወደብ ለ ሃቭር። 136 ሜትር የምትረዝመው ኒዮላይነር ኦሪጂን ደግሞ በ2025 አትላንቲክን ማቋረጥ ጀመረች። እነዚህ ለትልልቆቹ ምትክ አይደሉም። ውድ ዕቃ ነው የሚይዙት፤ ዋጋቸውም እንደዚያው ነው።

አራተኛው ላይ ጸሐፊው ግማሹን ልክ ናቸው። «ወጪውን አይመልስም» ይላሉ። ለአንዳንዱ ይመልሳል፣ ለአንዳንዱ አይመልስም። ግን ዋናው ችግር እሳቸው ያዩት አይመስለኝም።

መርከብ ብዙ ጊዜ ይከራያል። ባለቤቱ አንድ ነው፣ ተከራዩ ሌላ። በጊዜ ኪራይ ውል ላይ ነዳጁን የሚከፍለው ተከራዩ ነው። ሸራ መግዛት ያለበት ግን ባለቤቱ ነው። አሁን ይህንን ወደ ኮምቦልቻ አምጡት። የተከራያችሁበት ግቢ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ አሮጌ ነው፤ መብራት ይበላል። አከራይዋን «እትዬ፣ መብራት የሚቆጥበውን አዲሱን ምጣድ ቢገዙ» ትሏቸዋላችሁ። «ልጄ፣ መብራቱን የምትከፍለው አንተ፣ ምጣዱን የምገዛው እኔ?» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እናንተም በሚቀጥለው ዓመት ልትለቁት ለምትችሉት ቤት ምጣድ አትገዙም። እንጀራው በአሮጌው ምጣድ መጋገሩን ይቀጥላል።

የመርከብ ሸራ ቀስ ብሎ የሚሄድበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይህ ነው። ፒክሲስ ኦሽን ላይ የተሳካው ተከራዩ ካርጊልና ባለቤቱ ሚትሱቢሺ አብረው ስለገቡበት ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ለፕሮጀክቱ ገንዘብ ደግፏል። እያንዳንዱ ባለቤት ይህን አያገኝም። ጸሐፊው «ጌጥ ነው» ከሚሉ ይልቅ «ምጣዱን ማን ይግዛ?» ብለው ቢጠይቁ አብሬያቸው ቁጭ ብዬ አስብ ነበር።

የከሸፉም አሉ፤ አልደብቅም። በ2008 አንድ የጀርመን ኩባንያ መርከብን በትልቅ ካይት አስጎትቶ ወደ ቬኔዙዌላ ላከ። ሰማይ ላይ የሚንሳፈፍ ሸራ በሉት። ፎቶው ዓለምን ዞረ። ኩባንያው በ2011 ከሰረ፤ የከሰረው በካይቱ ምክንያት ባይሆንም ካይቱ ግን አልተስፋፋም። ዛሬም በነፋስ የሚታገዙት መርከቦች ከዓለም መርከቦች አንጻር ኢምንት ናቸው። ጸሐፊው «ሁሉም እየተከለ ነው የሚለው ወሬ ውሸት ነው» ሲሉ ልክ ናቸው። ሁሉም እየተከለ አይደለም።

የክሬንና የድልድዩ ነገር ብዙ አያቆመንም። የሲ ጁሻን ሲሊንደሮች ወደ ጎን ይተኛሉ። የፒክሲስ ኦሽን ክንፎች ይታጠፋሉ። በሐዲድ ላይ እየተገፉ ከክሬኑ መንገድ ዞር የሚሉም አሉ። ኮንቴይነር መርከብ ላይ ግን ነገሩ ከባድ ነው፤ ደረቱ፣ ማለትም የላይኛው ወለሉ፣ ሁሉ በሳጥን የተሞላ ነው፣ ፈጣንም ነው። ለዚህ ነው ሸራው በአብዛኛው ብትን ጭነትና ነዳጅ በሚጭኑት ላይ የሚታየው። ጸሐፊው የኮንቴይነር መርከብ ፎቶ አስቀምጠው «የት ሊተክሉት ነው?» ብለው ሲስቁ፣ እዚያ ላይ የሚተክል ብዙ እንደሌለ አልነገሩንም።

እንግዲህ ወደ ወሎ።

«ምን አገባው?» ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አላት። ውኃ የሌለው ወደብ ነው ብሎ መሳቅ ይቻላል፤ እኛም እንስቃለን። አሰብ በነበረበት ዘመን ከዚህ ተነስቶ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ ባሕር ዳርቻ መድረስ የሾፌር የዘወትር ሥራ ነበር። ዛሬም ቤታቸው ከአሰብ የመጣ ቡፌ ያላቸው ሽማግሌዎች አሉ፤ አቧራውን በስስት ነው የሚጠርጉት። አሁን መንገዱ ወደ ጅቡቲ ነው። የሚገባው ዕቃ ግን ያው በባሕር የመጣ ነው።

የኮንቴይነር ኪራይ ደረሰኝ ስይዝ ከዋናው ዋጋ ሥር ትናንሽ መስመሮች ይደረደራሉ። አንዷ የነዳጅ ማስተካከያ ናት። ነዳጅ ሲወጣ ትወፍራለች። ቀይ ባሕር ላይ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ መርከቦች መመታት ሲጀምሩ ደግሞ ከጎኗ ሌሎች መስመሮች በቀሉ። አንድ ደንበኛችን ለወፍጮ ቤት መለዋወጫ አስመጥቶ ነበር። ዕቃው መቼ እንደሚደርስ የሚነግረው ጠፋ። በየቀኑ ቢሮ ይመጣል፣ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ምንም አይልም። መጨረሻ ላይ ሒሳቡን ሳሳየው አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ «ይቺስ? ይቺስ?» አለኝ። የነዳጇ ላይ ሲደርስ «እኔ ናፍጣ አላዘዝኩም እኮ» አለ።

ያቺ መስመር የኮንቴይነር ናት፤ ኮንቴይነር ላይ ሸራ እንደሚከብድ ደግሞ አሁን ራሴ ጽፌያለሁ። ስለዚህ ወደ ማዳበሪያው ልምጣ። ዩሪያው በብትን ነው የሚመጣው። ወደብ ላይ ነው 50 ኪሎ ከረጢት ውስጥ የሚገባው። የጫነው መርከብ ፒክሲስ ኦሽንን የሚመስል፣ ብትን ጫኝ ነው። አጎቴ ቦይ ዳር የሚበትኑት ነጭ ፍሬ እንዲህ ባለ መርከብ ሆድ ውስጥ ተኝቶ የመጣ ነው። ስንዴውም እንደዚሁ።

ከሞሮኮ የሚመጣ ማዳበሪያም አለ። ቀይ ባሕር ክፍት ሲሆን በስዌዝ ይመጣል። መንገዱ ሲዘጋና አፍሪካን መዞር ግድ ሲሆን ርቀቱ ከእጥፍ በላይ ነው። ነፋስ የሚያግዘው ደግሞ እንዲህ ባለው ረጅም የውቅያኖስ መንገድ ላይ ነው። ዙሪያውን የመጣች መርከብ በቀን 3 ቶን ብታድን፣ ቀኖቹ ብዙ ናቸው።

ይህ ማለት የዩሪያ ዋጋ ነገ ይወርዳል ማለት አይደለም። ጸሐፊው «ሸራ ማዳበሪያ ያረክሳል የሚሉን» ብለው የተቆጡት ማንን እንደሆነ አላውቅም፤ እኔን ከሆነ እንዲህ አላልኩም። የመርከብ ኪራይ በዓለም ገበያ ነው የሚወሰነው። የዳነው ነዳጅ በባለቤቱና በተከራዩ መካከል ከተከፋፈለ በኋላ ለኛ የሚደርሰው ምን ያህል እንደሆነ ልገምት አልችልም። እኔ የምለው ስለ ጉዳዩ ማወቅ ያገባናል ነው። ሒሳቡ ውስጥ አለንበት።

ሌላም አለ። ይቺ አገር በነፋስ የነገደች አገር ናት። አዱሊስ የአክሱም ወደብ በነበረ ጊዜ የሕንድ ውቅያኖስ ነጋዴ የሚንቀሳቀሰው በወቅት ነፋስ ነበር። ክረምቱን ከደቡብ ምዕራብ፣ በጋውን ከሰሜን ምሥራቅ። ሄዶ ነፋሱ እስኪዞር ይጠብቃል፣ ሲዞር ይመለሳል። ያው ነፋስ አሁንም ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ውጭ፣ በዓረብ ባሕር ላይ፣ በዚያው ወር ይነፍሳል። ከሕንድና ከፐርሺያ ባሕረ ሰላጤ ወደ ጅቡቲ የሚመጣ መርከብ ያገኘዋል። ጸሐፊው ቀይ ባሕርን ብቻ ካርታ ላይ ከፍተው ነው የፈረዱት መሰለኝ።

የራሳችን መርከቦችም አሉ። የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርት በ1964 ከተመሠረተ ወዲህ ስንት ነገር አልፎበታል፤ የባሕር በር ጠፍቶም መርከቦቹ አልቀሩም። በ2024 ዓባይ ሁለት የተባለች 62 ሺህ ቶን የምትጭን ብትን ጫኝ ተቀላቅላለች። እዚህ ላይ የምጣዱ ችግር የለም። ባለቤቱም፣ ነዳጅ ከፋዩም አንድ ናቸው፤ ራሳቸው እስካሠሯት ድረስ። ሸራ ይተከልባት እያልኩ አይደለም። የዚህ ዓይነት መርከብ ደረቱ ላይ የራሱ ክሬኖች ስላሉት ቦታ ማግኘት ቀላል አይደለም። ምናልባት አፍንጫዋ ላይ አንድ ሁለት አየር መጣጭ ምሰሶ። ምናልባትም ሒሳቡ ሲሠራ አያዋጣም ይባል ይሆናል። ይሁን። ግን ሒሳቡን ሠርቶ አያዋጣም ማለትና ሳይሠሩ መሳቅ ይለያያሉ።

ጸሐፊውን ኮምቦልቻ ብቅ ቢሉ ቡና እጋብዛለሁ፤ አቦልም በረካም አለ። ፎቶዎቹንም አሳያቸዋለሁ።

ይህንን ስጽፍ ጠረጴዛዬ ላይ የማዳበሪያ ጭነት ሰነድ ነበር። የመርከቧ ስም ላይኛው ጥግ ላይ ተጽፏል። ስሟን ስልኬ ላይ አስገብቼ ፎቶዋን አወጣሁ። አሮጌ ናት፣ ቀይ ሆድ አላት፣ ቀለሟ ተልጧል። አራት ክሬን አላት። ሸራ የላትም።